የቤት ትሬድሚል አያያዝ፦ ብሎን ከማጥበቃችሁ በፊት ዘይቱን እዩ

ጅማ ውስጥ ትሬድሚል የገዙ ቤቶች ታሪካቸው ይመሳሰላል። የመጀመሪያውን ወር ቤተሰቡ ተራ ይዞ ይሮጥበታል። ሦስተኛው ወር ላይ ማሽኑ «ይከብዳል»። ስድስተኛው ላይ ልብስ ማስጫ ይሆናል። ክረምት ሲበረታ እርጥብ ጂንስ የሚሰጣበት ውድ ገመድ ማለት ነው።

ሰው ስንፍናውን ይወቅሳል። እኔ ከፍቼ ካየኋቸው ማሽኖች ግን አብዛኞቹ የተበላሹት በአንድ ዓይነት ስህተት ነው። መሮጫው መንቀራፈፍ ሲጀምር ባለቤቱ የኋላውን ብሎን ያጠብቃል። ለሁለት ቀን የተሻለው ይመስላል። ከዚያ ሞተሩ ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ በመጨረሻ ሞተሩን የሚያዘው የኤሌክትሪክ ቦርድ ይሄዳል። መሮጫው ግን አልላላም ነበር። ደርቆ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። ማጥበቅ የተቀመጠው ወደ ኋላ ነው፤ እዚያ የተቀመጠውም ሆን ተብሎ ነው።

በስም እንግባባ

ቤልት የምለው የምትረግጡትን ጥቁር መሮጫ ነው። ጣውላ ከቤልቱ ሥር ያለው ሰሌዳ ነው። ሮለር ቤልቱ የሚዞርባቸው ሁለቱ ብረቶች ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ቺንጋ የምለው ደግሞ ሞተሩን ከፊተኛው ሮለር ጋር የሚያገናኘውን ትንሹን ቀበቶ ነው። ቤልትና ቺንጋ እያምታታ ዕቃ ያስመጣ ሰው አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣለት ዕቃ የማይሆን ሆነ። ዕቃ ስታዙ ፎቶ ላኩ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ከማሽኑ ጋር የመጣው የኤል ቅርጽ ያለው ብሩጎላ። ከጠፋ ብሎኑን ለክታችሁ ከመርካቶ የመሣሪያ ሱቆች ግዙ። «ይሆናል» ብላችሁ የላላ ቁልፍ አታስገቡ፤ የብሎኑን ራስ ይበላዋል።
- ባለ መስቀል ካቻቪቴ
- ሁለት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ክር የማይለቅ። ያረጀ ቲሸርት ይሆናል፣ ጋቢ ግን አይሆንም።
- ያልተነከረ የቀለም ብሩሽ
- 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ፣ ያለ መርፌ። አጭር የግሉኮስ ቱቦ ጫፉ ላይ ከሰካችሁበት ሥራው በግማሽ ይቀላል። ሁለቱንም ከፋርማሲ ታገኛላችሁ።
- ንጹሕ የሲሊኮን ዘይት። ለትሬድሚል ተብሎ የሚሸጠውን።
- አንድ ሲኒ። ለቡና አይደለም፤ የተፈቱ ብሎኖች እንዳይጠፉ ነው።

ደረጃ 1፦ መብራቱን አስተካክሉ

1. ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ትገኛለች። 220 ወይም 240 ቮልት የምትል ከሆነ ደህና ነው። 110 ወይም 120 የምትል ከሆነ ማሽኑ ለሌላ አገር የተሠራ ነው። ግድግዳ ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ቦርዱ በአንድ አፍታ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ያውም ከማሽኑ ዋት የሚበልጥ።

2. ማሽኑን ከግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ስኩት። ቴሌቪዥኑ፣ ዲኮደሩና የስልክ ቻርጀሩ የተሰካበት ቀጭን ዲቫይደር ላይ አይሆንም። ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ባለ 2 ፈረስ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲጠቀም ወደ 1500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 7 አምፔር ገደማ መሆኑ ነው። ቀጭን ገመድ ይህን ለግማሽ ሰዓት ተሸክሞ አይዘልቅም።

3. እንጀራ እየተጋገረ አትሩጡ። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ከሆኑ ብሬከሩ ይወርዳል። ባይወርድ ደግሞ ቮልቱ ዝቅ ይልና ትሬድሚሉ ማቃሰት ይጀምራል።

4. ሲጨርሱ መንቀል የቤቱ ሕግ ይሁን። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ቦርድ የሚበላው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው።

እየሮጣችሁ መብራት ከሄደ የጎኑን መያዣ ያዙና እግራችሁን አንሥታችሁ ግራና ቀኝ ባለው ጠርዝ ላይ ቁሙ። ከዚያ ንቀሉ። መብራቱ ተመልሶ 10 ደቂቃ ያህል ሳይቆራረጥ ሲቆይ ብቻ መልሳችሁ ስኩ።

ስታቢላይዘር ከገዛችሁ ከሞተሩ ዋት ቢያንስ እጥፍ የሚሆነውን ግዙ። ለፍሪጅ የተገዛውን ትንሹን አትስኩበት።

ደረጃ 2፦ ቦታውን እዩ

በረንዳ ላይ አይቀመጥም። ጣሪያ አለው፣ ግን ያው በረንዳ ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥልባታል፤ ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ ደግሞ ጣሪያ አያግደውም። ጣውላው የተጨመቀ እንጨት ስለሆነ እርጥበት ከጠጣ ያብጣል። ያበጠ ጣውላ አይታከምም፣ ይቀየራል።

ቤት ውስጥም ቢሆን ከግድግዳ አርቁት። በተለይ በክረምት ሥሩ የሚያልበው ግድግዳ ካላችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ከኋላው ደግሞ 2 ሜትር ባዶ ቦታ ተዉ። ብዙ ሰው ቴሌቪዥን እንዲያይ ብሎ ፊቱን ወደ ሳሎን፣ ጀርባውን ከግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። የወደቀ ሰው በሚዞር ቤልትና በግድግዳ መሀል ይያዛል።

በላስቲክ አትሸፍኑት፤ ውስጡ ያልበዋል። ያረጀ አንሶላ ይበቃል።

የቡና ሥርዓቱን ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ቄጤማ የሚጎዘጎዝበት ሳሎን ውስጥ ትሬድሚል ካለ ቄጤማው ቀስ እያለ ቤልቱ ሥር ይገባል። አንድ ዘንግ ቄጤማ ከኋላው ሮለር ላይ ተጠምጥሞ ቤልቱን ወደ ግራ ሲገፋው አይቻለሁ። ባለቤቶቹ ሳምንት ሙሉ ብሎን ሲያዞሩ ከርመዋል። የከሰል ምድጃውም ከማሽኑ ይራቅ፤ አመዱ ወደ ሞተሩ ይሳባል።

ደረጃ 3፦ ማጽዳት

ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ መያዣውንና ስክሪኑን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ላብ ጨው ነው፣ ብረት ያዝጋል።

በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ አድርጉ፦

1. ንቀሉ።
2. ጨርቁን ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አስነክታችሁ ጥምዝዝ አድርጋችሁ ጭመቁት። ከጨርቁ ጠብ የሚል ውሃ መኖር የለበትም።
3. የቤልቱን ፊት ጥረጉ፤ በእጅ እየገፋችሁ ዙሩን ጨርሱ።
4. ግራና ቀኝ ያለውን ጠርዝ ጥረጉ። በጋ ላይ የጅማ ቀይ አፈር የሚከማቸው እዚህ ነው። ከዚህ ወደ ቤልቱ ሥር ከገባ እንደ አሸዋ ወረቀት ጣውላውን ይፍቃል።
5. ማሽኑን ገፋ አድርጋችሁ ሥሩን ጥረጉ።

በረኪና አይንካው። የቤት ሠራተኛ ካላችሁ ይህን ቀድማችሁ ንገሯት። ወለል ስታጥብ ውሃ የምትደፋበትን ቦታም አሳዩአት።

በውጭ ጫማ አትውጡበት። የቤት ውስጥ ብቻ የሆነ ጫማ ይኑራችሁ።

ደረጃ 4፦ ዘይት መቀባት

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ ሐኪም በእግር ሂድ ብሏቸዋል። አንድ ማታ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እግሬን ይይዘኛል። እስቲ ጠበቅ አድርግልኝ።»

ነቅዬ እጄን ቤልቱ ሥር አስገባሁ። እንደ ቆሎ ደርቋል። መዳፌ ላይ የቀረው ጥቁር ዱቄት ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ መላላት አይደለም። ጠምቶት ነው።»

እናንተም የምትጀምሩት በዚህ ፍተሻ ነው።

መቼ ያስፈልጋል? ማሽኑን ንቀሉ። የቤልቱን ጠርዝ መሀል ላይ አንሡና እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ። ጣውላውን ዳብሱ። ጣታችሁ ላይ ቀጭን ሙልጭልጭ የሚል ነገር ከተሰማችሁ ይቆይ። ደረቅ ከሆነ ቀቡ። በየቀኑ የሚረገጥ ማሽን በየ3 ወሩ ገደማ ይጠይቃል። የማሽናችሁ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። ጣውላው ሰም የተቀባ፣ ዘይት የማይፈልግ ዓይነትም ስላለ መመሪያው «አትቀቡ» ካለ አትቀቡ።

የትኛው ዘይት? ሲሊኮን ብቻ። የሞተር ዘይት፣ ግራሶ፣ የምግብ ዘይት፣ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ አይሆኑም። ይህን የምለው ከፍዬ ስለተማርኩት ነው። መጀመሪያ ዓመት ላይ ሲሊኮን አጣሁና «ዘይት ዘይት ነው» ብዬ የስፌት መኪና ዘይት አፈሰስኩበት። ለሦስት ቀን እንደ ቅቤ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት የቤልቱ ጠርዝ እንደ ደረቀ ቅጠል ወደ ላይ ተጠቀለለ። ከነዳጅ የሚወጣ ዘይት የቤልቱን ጀርባ ያሳብጠዋል። ቤልት ቀየርኩ።

አሠራሩ፦

1. ንቀሉ። ካልተሰካ ማሽኑ የማይነሣበትን ቀይ የደህንነት ቁልፍም አውጡ።

2. ቤልቱ በእጅ ተነሥቶ ክንዳችሁን የሚያስገባ ከሆነ ብሎን አትንኩ። እምቢ ካለ ብቻ የኋላ ብሎኖቹን አላሉ፤ ሁለቱንም እኩል። ስንት ዙር እንደፈታችሁ ጻፉ። «አስታውሳለሁ» አትበሉ፣ አታስታውሱም።

3. አሮጌውን ቆሻሻ አውጡ። ጨርቁን ከአንዱ ጎን አስገብታችሁ በሌላው ጎን ሳቡት። አንድ ሰው በዚህ፣ አንድ ሰው በዚያ ይዛችሁ፣ ጀርባ በፎጣ እንደሚታሸት ወዲያ ወዲህ እያደረጋችሁ ከፊት እስከ ኋላ ጥረጉ። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ንጹሕ እስኪወጣ ድገሙ። ይህን ዘልላችሁ ዘይት ከጨመራችሁ ጭቃ እየሠራችሁ ነው።

4. ሲሪንጁን ሙሉ። ለአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ። እጃችሁን ወደ መሀል አስገቡና እግራችሁ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር እያጠማዘዛችሁ አፍስሱ። ጠርዝ ላይ አታፍስሱ፤ ወደ ወለሉ ይፈሳል።

5. ብሎን አላልታችሁ ከነበረ በጻፋችሁት ልክ መልሱ።

6. ስኩ። ማንም ሳይቆምበት በሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለ5 ደቂቃ ይዙር።

7. አሁን ውጡበትና ለ5 ደቂቃ ተራመዱ። አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ጠርዝ አካባቢ እየረገጣችሁ። ዘይቱን የሚበትነው ክብደታችሁ ነው።

8. በጎን የወጣውን ዘይት ጥረጉ። የእግር መረገጫው ላይ ከቀረ ያንሸራትታል።

ከበዛባችሁ፦ ቤልቱ ሸርተት ይላል። አታጥብቁት! ነቅላችሁ ደረቅ ጨርቅ ከላይ በተራ ቁጥር 3 ባለው መንገድ አሳልፉበትና ትርፉን አውጡ።

ደረጃ 5፦ ማጥበቅና ማስተካከል

ዘይት ቀብታችሁም ቤልቱ እግራችሁ ሲያርፍበት ለቅጽበት ቀጥ የሚል ከሆነ፣ ያኔ ላልቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ ለኩ። ነቅላችሁ የቤልቱን ጠርዝ መሀል ላይ ወደ ላይ አንሡት። በብዙዎቹ የቤት ማሽኖች ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቢነሣ ልክ ነው። ሦስት ጣት ገደማ። ከዚያ በላይ ከተነሣ ላልቷል። ጨርሶ እምቢ ካለ ከመጠን በላይ ጠብቋል።

ለማጥበቅ ከማሽኑ ኋላ ቁሙ፣ ፊታችሁን ወደ ስክሪኑ አድርጉ። የግራውን ብሎን በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙሩ። የቀኙንም እንዲሁ ሩብ ዙር። ሞክሩ። ካልበቃ እንደገና ሩብ፣ ሩብ። በአንድ ጊዜ ሙሉ ዙር የሚያዞር ሰው ካያችሁ ካቻቪቴውንም ብሩጎላውንም ቀሙት። ባለሙያ ነኝ ያለ አንድ ሰው የዘመድ ማሽን ላይ በጉልበቱ ሦስት ዙር ከረከረው። በወሩ የፊተኛው ሮለር ኩሽኔታ እንደ ወፍጮ መጮህ ጀመረ።

ቤልቱ ወደ አንድ ጎን ከሄደስ? ይህን ያዙ፦ ቤልት የሚሸሸው ከጠበቀው ወገን ነው።

1. ማሽኑ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይዙር፤ ማንም አይቁምበት። ነጠላ፣ ረጅም ቀሚስ፣ የተለቀቀ ጸጉር አይጠጋ። ልጆች ከክፍሉ ይውጡ።
2. ቤልቱ ወደ ቀኝ ከሄደ የቀኙን ብሎን በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙሩ።
3. ወደ ግራ ከሄደ የግራውን እንዲሁ።
4. እጃችሁን አንሡና 2 ደቂቃ ጠብቁ። ቤልቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ወዲያው እንደገና ያዞራል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ያልፍበታል።
5. መሀል እስኪይዝ ድገሙ።

ግራ ከገባችሁና የትኛውን ስንት እንዳዞራችሁ ከጠፋባችሁ አጥፉ፣ ንቀሉ። ከኋለኛው ሮለር ጫፍ እስከ ማሽኑ አካል መጨረሻ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም በሜትር ለኩ። ሁለቱን እኩል አድርጉና ከዚያ ጀምሩ።

ደረጃ 6፦ የሞተሩን ክዳን መክፈት

በዓመት ሁለቴ፤ አንዴ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ አንዴ ከመስቀል በኋላ።

ንቀሉና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ይህ ቀልድ የለውም። ክዳኑን ፈትታችሁ ብሎኖቹን ሲኒው ውስጥ ጨምሩ።

አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ቫክዩም ካላችሁ አፉን ከቦርዱ አርቃችሁ ያዙ። በአፍ አትንፉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ቦርዱን በጣት አትንኩ።

ከዚያ ተመልከቱ። ቺንጋው ተሰነጣጥቋል? የገመድ መጋጠሚያ ጠቁሯል? ዝገት አለ? እኔ ባለፈው ክረምት ስከፍት ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። የበቆሎ ፍሬ፣ የተቦጫጨቀ ጥጥ፣ መሀል ላይ ሞቅ ያለች ጎጆ። አይጥ ቤት ሠርታለች፤ ከቀጫጭኖቹ ገመዶች አንዱን እስከ መዳቡ ግጣዋለች። ጥጡ ከየት እንደመጣ ያወቅኩት ጋቢዬን ሳነሣ ነው። ገመድ ተበልቶ ካገኛችሁ ራሳችሁ በፕላስተር ጠቅልላችሁ አትስኩ። ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን።

ክዳኑ ተከፍቶ ማሽን አይነሣም። በፍጹም።

ሲበላሽ የት ልጀምር?

ጭራሽ አይነሣም። ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ሞክሩ። ቀጥሎ የደህንነት ቁልፉን አውጥታችሁ መልሱ፤ በብዙዎቹ ማሽኖች ስክሪኑ ላይ ሰረዝ ሰረዝ ብቻ የሚታየው ቁልፉ በደንብ ስላልተቀመጠ ነው። ከዚያ ገመዱ በሚገባበት በኩል ያለችውን ትንሽ ብሬከር ተጫኑ። ሦስቱም ካልሠሩ ባለሙያ ጥሩ።

ተነሥቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይቆማል። ብዙ ጊዜ የፍጥነት ሴንሰሩ ነው። ከሞተሩ ክዳን ሥር፣ ሮለሩ ጫፍ ላይ ካለችው ማግኔት ፊት ለፊት የተቀመጠች ትንሽ ነገር ናት። ነቅላችሁ፣ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አቧራዋን ጥረጉ። ከቦታዋ ከተንሸራተተች ወደ ማግኔቷ አቅርቧት፣ ግን ማግኔቷን እንዳትነካ።

የተቃጠለ ሽታ። ወዲያው አቁሙና ንቀሉ። ሲቀዘቅዝ የቤልቱን ሥር ዳብሱ። ደረቅ ከሆነ ደረጃ 4። ደረቅ ካልሆነና ሽታው ከክዳኑ ሥር ከሆነ መልሳችሁ አትስኩ።

ቤልቱ ይሸራተታል፣ ዘይቱም ውጥረቱም ግን ልክ ነው። ቺንጋው ሊሆን ይችላል። የሱ ምርመራ ክዳን ተከፍቶ ማሽኑ እየዞረ የሚሠራ ስለሆነ ለባለሙያ ተዉት።

ሲነኩት ይነዝራል። አትጠቀሙ። ችግሩ የማሽኑ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የቤቱ መስመር ግራውንድ እንዳለው በቴስተር ይታይ። ጅማ ውስጥ በቆዩ ቤቶች ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ተገጥሞ ሦስተኛው ሽቦ ጭራሽ የሌለበት ሞልቷል።

ለክረምት አንድ ነገር

ለመሮጥ ፍላጎቱ ባይኖራችሁም በሳምንት አንድ ቀን ለ10 ደቂቃ አስነሡት። የሞተሩ ሙቀት ውስጡ የገባውን እርጥበት ያደርቃል፤ ቤልቱም በአንድ ቦታ ተጣጥፎ አይቀርም። ሲጨርስ ንቀሉ፣ ቀዩን ቁልፍ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ስቀሉ። የማሽኑ አንገት ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋችሁ ዘይት የተቀባበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። የጋሼ ማሽን ላይ ያለው «ኅዳር 12» ይላል። ከሥሩ በሳቸው እጅ «ጠጥቷል» ተብሎ ተጨምሮበታል።